የመብራት ጥገና ሠራተኞችን ሬዲዮ በስካነር መስማት ይቻላል? ንግግሩስ ለምን ይቆራረጣል?

ጁስ_ቤት_ከዚራ

ሰላም ለሁላችሁ። ከድሬ ነው የምጽፈው፤ ነገሩ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

ከዚራ አካባቢ ጁስ ቤት አለኝ። ሁለት ፍሪጅ፣ ሁለት መፍጫ፣ አንድ የበረዶ ሳጥን። የድሬን ቀትር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መብራት ስድስት ሰዓት ላይ ከሄደ የተቆረጠው ፓፓያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሰው የሚሰጥ አይሆንም። በጣም የሚከብደኝ መቼ እንደሚመጣ አለማወቄ ነው። ሃያ ደቂቃ ከሆነ የፍሪጁን በር ሳልከፍት እጠብቃለሁ፣ እስከ ማታ ከሆነ ግን በረዶ ገዝቼ ዕቃውን አዛውራለሁ ወይም ከጎረቤት ጀነሬተር ገመድ እለምናለሁ። መልሱን የሚያውቁት ምሰሶ ላይ የወጡት ልጆች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ የሚነጋገሩት በሬዲዮ ነው ብዬ አሰብኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አጎቴ ዓምና አረፈ። ብዙ ዘመኑን አሜሪካ ነው የኖረው፣ የመብራት መስመር የሚነኩ ዛፎችን የሚቆርጥ ኮንትራክተር ጋር ይሠራ ነበር። ዕቃው ሲመጣ ውስጡ አንድ የእጅ ስካነር፣ ሞገዶችን እያሰሰ የሬዲዮ ንግግር የሚያሰማ መቀበያ፣ አገኘሁ። ዩኒደን ቢሲ 245 ኤክስኤልቲ ይላል። ጀርባው ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለ፣ በራሱ እጅ የጻፋቸው ቁጥሮች ናቸው። ከላይ «ትራንክ» ይላል፣ ከሥሩ 1616 ምሥራቅ ጥገና፣ 1648 ምዕራብ ጥገና፣ 32016 ደግሞ ጎኑ ላይ ኮከብ ብቻ። ልጅ እያለሁ ሲደውልልን ከኋላው የሚንጫጫ ድምፅ ነበር። ምንድን ነው ስለው «ነፋስ መስመር ጥሏል፣ ልጆቹ ወጥተዋል፣ እነሱን እየሰማሁ ነው» ይለኛል። እና ያ ዕቃ ነው አሁን እጄ ላይ ያለው።

ባትሪ ገዝቼ አስነሳሁት። ያየሁት ይኸው።

ከ935 ሜጋኸርዝ ወዲያ የትም ብሄድ የማይቋረጥ ጩኸት ነው። ሌሊትም ቀንም።

400ዎቹ ውስጥ አልፎ አልፎ እንደ መትረየስ ታታታታ የሚል ነገር አለ፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ይጠፋል።

150ዎቹ ላይ አንድ ጊዜ የሰው ድምፅ ሰማሁ። አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ሌላው ሳይመልስ ስካነሩ ጥሎ ይሄዳል። መልሱን አንድም ጊዜ አላገኘሁትም።

ጥያቄዬ፦ ይህ ትራንክ የሚባለው ነገር ምንድን ነው? የእኛን የመብራት ጥገና ሠራተኞች እንዴት ነው የማገኛቸው? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ይኼ አርጅቷል፣ ባኦፌንግ ዩቪ 5 አር የሚባል የእጅ ሬዲዮ ላምጣልህ፣ በእሱ መስማትም ማውራትም ትችላለህ» ይለኛል። ልቀበለው?

ሸዋበር_ማዶ

እኔም ሐረር ሆኜ ያ 900ዎቹ ላይ ያለው ጩኸት ይሰማኛል፣ የእኔ ግን ሌላ ዕቃ ነው። መልሱን እጠብቃለሁ።

የሳቢያን_ልጅ_አትላንታ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ነፍስ ይማር። ሳቢያን ነው ያደግኩት፣ አሁን አትላንታ ነኝ። ስካነር ማዳመጥ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈውኛል፣ ያንተን ጽሑፍ ሳነብ ያ ወረቀት ዓይኔ ላይ መጣ።

እስቲ ከወረቀቱ እንጀምር። ቁጥሮቹን በ16 አካፍላቸው። 1616 ሲካፈል 101 ይሰጥሃል፣ 1648 ሲካፈል 103፣ 32016 ሲካፈል 2001። ሦስቱም ያለ ቀሪ። ይህ የሞቶሮላ ዓይነት ሁለት የሚባለው የትራንክ ሥርዓት ምልክት ነው፤ እዚያ የእያንዳንዱ ቡድን ቁጥር የ16 ብዜት ነው፣ በመሀል ያሉት ቁጥሮች ጥሪው አስቸኳይ መሆኑን ለመሳሰሉ ምልክቶች የተያዙ ናቸው። ኤዳክስ የሚባለው ሥርዓት ቢሆን ኖሮ 04-021 ዓይነት አጻጻፍ ታይ ነበር። ስለዚህ አጎትህ የጻፋቸው ፍሪኩዌንሲዎች አይደሉም፣ የሠራተኞች ቡድን መለያ ናቸው። ቶክግሩፕ እንላቸዋለን።

ትራንክ ምንድን ነው ላልከው፣ የድሬ ልጅ ስለሆንክ በባጃጅ ልንገርህ። በድሮው አሠራር ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ ባጃጅ ይመደባል እንበል። አንዱ ለሳቢያን፣ አንዱ ለመጋላ፣ አንዱ ለገንደ ቆሬ። የሳቢያኑ ተሳፋሪ አጥቶ ፀሐይ ላይ ሲቆም የመጋላው ሰው ተሰልፎ ያልቃል። ተራው ሬዲዮ እንደዚህ ነው፣ ለአንድ ክፍል አንድ ፍሪኩዌንሲ፣ አብዛኛውን ቀን ባዶ። ትራንክ ላይ ግን ባጃጆቹ ሁሉ አንድ ቦታ ይቆማሉ፣ ተራ አስከባሪ ይኖራል። የሳቢያን ሰዎች ሲመጡ «አንተ ሦስተኛው፣ ውሰዳቸው» ይላል። ሲመለሱ ያው ባጃጅ የመጋላ ሰዎችን ይጭናል። ተራ አስከባሪው ኮንትሮል ቻናል የሚባለው ነው። በሞቶሮላው ሥርዓት በሰከንድ 3600 ቢት እየላከ ያለማቋረጥ «1616 ወደዚህኛው ቻናል፣ 1648 ወደዚያኛው» ይላል፣ የሠራተኞቹ ሬዲዮኖች ደግሞ እሱን ሰምተው በሰከንድ ክፍልፋይ ይቀየራሉ። አሥር ቻናል ይዞ ብዙ ደርዘን ቡድን ማስተናገድ የሚቻለው ለዚህ ነው።

አሁን አስብ። አንተ ሦስተኛው ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠህ ወሬ ብታዳምጥ ምን ትሰማለህ? የሳቢያን ሰዎች ወሬ ይጀመራል፣ ይወርዳሉ፣ የመጋላ ሰዎች ሌላ ወሬ ይዘው ይገባሉ። የመጀመሪያው ወሬ ቀጣይ ክፍል ሌላ ባጃጅ ውስጥ ነው። ትራንክ የሚከተል ስካነር ሥራው ተራ አስከባሪውን ማዳመጥና አንድ ቡድን የገባበትን ባጃጅ ሁሉ እየተከተለ መሳፈር ነው። የአንተ 245 ይህንን ለሞቶሮላና ለኤዳክስ ይሠራዋል፣ በዘመኑ ጥሩ ዕቃ ነበር። ኤልቲአር የሚባል ሌላ ዓይነትም አለ፣ እሱ ለብቻው የቆመ ተራ አስከባሪ የለውም። እያንዳንዱ ቻናል ራሱ ከድምፁ ሥር ጆሮ በማይለየው ዝቅተኛ ምልክት መረጃውን ይዞ ይሄዳል።

ወደ ሦስቱ ድምፆችህ ልምጣ።

ከ935 በላይ ያለው የሞባይል ማማ ነው። ጂኤስኤም 900 የሚባለው ከማማ ወደ ስልክ የሚልክበት ከ935 እስከ 960 ነው፣ ስካነርህ ደግሞ እስከ 956 ድረስ ይቀበላል። ሸዋበር፣ ያንተም ይኼው ነው የሚመስለኝ። ምንም አታደርጉትም፣ ዝለሉት። በነገራችን ላይ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የሞባይል ስልክ ፍሪኩዌንሲ የሚቀበል ስካነር ማምረትና ማስገባት ስለተከለከለ ያንተ ዕቃ ከ824 እስከ 849 እና ከ869 እስከ 894 ተዘግቶ ነው የተሠራው። የእኛ አገር 900 ግን የእነሱ የሞባይል ባንድ ስላልነበረ ክፍት ቀርቷል።

መትረየሱ ዲጂታል ሬዲዮ ነው። ዲኤምአር የሚባለው ጊዜን ለሁለት ከፍሎ በአንድ 12.5 ኪሎኸርዝ ቻናል ላይ ሁለት ንግግር ያስኬዳል፣ የእጅ ሬዲዮው 30 ሚሊሰከንድ ይልካል፣ 30 ሚሊሰከንድ ዝም ይላል። ታታታ የሚለው ከዚያ ነው። 245 ዲጂታል አይፈታም፣ ምንም ብትነካካው ድምፅ አይወጣውም።

የ150ው መቆራረጥ ከትራንክ ጋር አይገናኝም። ስካነሩ ላይ ዲሌይ የሚል ቁልፍ አለ። እሱ ከጠፋ ተናጋሪው ጣቱን ሲያነሳ ስካነሩ ወዲያው ወደሚቀጥለው ይሮጣል። ከበራ ሁለት ሰከንድ ያህል መልሱን ይጠብቃል። ስንቱ ሰው ስካነሩ ተበላሸ ብሎ የሚጥለው በዚህች ቁልፍ ነው።

አሁን ደግሞ የማይጣፍጠውን ልንገርህ። ዕቃው ውስጥ የቀሩት ፍሪኩዌንሲዎች 851 እና 869 መሀል እንደሚሆኑ እገምታለሁ፣ የአሜሪካ ትራንክ በብዛት እዚያ ነውና። ድሬ ላይ እነሱን ብትጠብቅ ዓመት ብትቀመጥ አይሰማህም። እዚህ አሜሪካ ብትመልሰው እንኳ አያስተማምንም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ውሳኔ የ800 ሜጋኸርዙን ባንድ እንደገና አከፋፍሎታል፣ ብዙ ሥርዓቶች ቦታ ቀይረዋል፣ የ245 ዓይነት አሮጌ ስካነር ደግሞ አዲሱን ድልድል አያውቅም፣ ተራ አስከባሪው «ሂድ» የሚለውን ቻናል በድሮው ሠንጠረዥ ነው የሚያሰላው። እኔ ያለሁበት ጆርጂያ የመብራት ኩባንያው እናት ድርጅት ሳዘርንሊንክ የሚባል የራሱ ኔትወርክ አለው፣ ለብዙ ዓመት አይደን በሚባል ቴክኖሎጂ ይሠራ ነበር፣ እሱን ስካነር ሰምቶት አያውቅም። አሁን ወደ ኤልቲኢ (4ጂ) ዞሯል።

ከዚህ በፊት በኖርኩበት ከተማ ግን የመብራቱ ንግግር ክፍት ነበር። አውሎ ነፋስ ባለፈበት ሌሊት ቁጭ ብዬ ሰምቼአለሁ። አንድ ነገር አይረሳኝም። ተቆጣጣሪዋ «ይህን ቁጥር ማብሪያ ማጥፊያ ክፈት» (በእነሱ ቋንቋ መክፈት ማለት ኃይሉን ማቋረጥ ነው) ስትል ሠራተኛው ቃል በቃል ይደግመዋል፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ። እሷ «ትክክል» ካላለች እጁን አያነሳም። ከዚያ ከፍቶ መክፈቱን ይናገራል፣ እሷ ደግማ ትጽፋለች። ያንን ያህል ዝግ ያለ፣ ያንን ያህል ጥንቁቅ ንግግር በሬዲዮ ሰምቼ አላውቅም። አጎትህ ለምን ያዳምጥ እንደነበር ይገባኛል።

እዚህ ያልተመሰጠረ የሥራ ሬዲዮ ማዳመጥ በአብዛኛው ይፈቀዳል፣ እንግሊዝ ውስጥ ግን ለአንተ ያልተላከ መልእክት መስማት በራሱ ጥፋት ነው። የእኛን አገር ሕግ የሚያውቅ ሰው ይመልስልህ።

ደንገጎ_ማማ

የሕጉን እኔ ልመልስ። ሐረር ነው የምኖረው። የመገናኛ ሬዲዮ ተከላ ላይ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ፤ ሪፒተር (ድምፅ ተቀብሎ መልሶ የሚያስተላልፍ ዕቃ)፣ ማማ፣ ሶላር፣ ባትሪ፣ ሁሉንም በእጄ ሰቅያለሁ።

ልጄ፣ ሠራተኞቹን መፈለጉን ተወው። እንዴት እንደሚገኙም አልነግርህም። በእኛ አገር የሬዲዮ ሞገድ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው። ሬዲዮ የሚያስገባም የሚጠቀምም ከእነሱ ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ማስገባትንና መያዝን በእስራት ያስቀጣል። የሰውን ግንኙነት መጥለፍም ወንጀል ነው። የአጎትህ ዕቃ ማስታወሻ ቢሆንም ሕጉ ማስታወሻ ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም። አጥፍተህ አስቀምጠው፣ ባለሥልጣኑን ጠይቅ፣ የተባልከውን አድርግ።

ባኦፌንጉን በፍጹም። ስካነር ይሰማል እንጂ አይናገርም። ያ ግን የመናገሪያ ቁልፍ አለው፣ ከ136 እስከ 174 እና 400ዎቹን ይልካል። ኪስህ ውስጥ ሆኖ ቁልፉ ቢጫን፣ አንተ ሳታውቀው የአንድ ድርጅት ቻናል ትይዛለህ። እስከምትለቅ ማንም አይናገርም። ያ ቻናል የመስመር ሠራተኞች ቢሆንስ? አትላንታ ያለው ወንድማችን ነግሮሃል፤ ሰውየው «ትክክል» የምትለዋን ቃል እየጠበቀ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ከሬዲዮው ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ከጎረቤት ጀነሬተር ገመድ እለምናለሁ ብለሃል። ገመዱን የት ነው የምትሰካው? በቀጥታ ፍሪጁን በማከፋፈያ ገመድ ከሆነ ደግ። ብዙ ሰው ግን ሁለት ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ ሠርቶ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ቤቱ በሙሉ እንዲበራለት። ይህ ሰው ይገድላል። ቆጣሪውን አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል፣ መንገድ ላይ ያለው ትራንስፎርመር ጋ ይደርሳል። ትራንስፎርመር ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ነው የሚሠራው። 15 ሺህ ቮልት አውርዶ 220 የሚሰጥህ ያው ዕቃ፣ ከታች 220 ስትሰጠው ከላይ ወደ 15 ሺህ ይመልሰዋል። ማከፋፈያ ጣቢያው (ሰብስቴሽን) ላይ ወደ ሰፈሩ የሚወጣው መስመር (ፊደሩ) ተቋርጧል፣ በሬዲዮ ተረጋግጧል፣ ሠራተኛው ምሰሶ ላይ ወጥቷል፣ መስመሩ ሙት ነው ብሎ ያምናል። ከአንድ ጁስ ቤት የሄደ ጀነሬተር ያንን መስመር ሕያው ያደርገዋል።

ሠራተኛው ሥራ ሳይጀምር መስመሩን ቴስተር አድርጎ ኧርዝ የሚያደርገው (ከመሬት ጋር የሚያገናኘው) ለዚህ ነው። ኧርዙ ቢረሳ ወይም ቢላላ ግን ሁሉም ነገር ያንተ ገመድ ላይ ነው። ቼንጅ ኦቨር ማብሪያ ማጥፊያ አስገጥም። ወይ መስመሩ ወይ ጀነሬተሩ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ፈጽሞ የማይገናኙበት። ዋጋው ከአንድ ፍሪጅ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው፣ ማንኛውም ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሠራዋል። ጎረቤትህ ጀነሬተሩን እንዴት እንዳገናኘም ዛሬውኑ ሄደህ እይ። እባክህን።

ለማወቅ ያህል ደግሞ ልጨምርልህ። የመብራት ድርጅት ንግግር ሁሉ በአየር አይሄድም። ከፍተኛ ቮልቴጅ ተሸካሚ ማማዎቹን ስታይ ከሁሉም በላይ የምታልፍ አንድ ቀጭን ሽቦ አለች፣ መብረቅ የምትከላከል። ብዙ አገር እሷ ውስጥ ፋይበር ይገባል፣ የሰብስቴሽኖቹ ስልክና መረጃ የሚሄደው በእሷ ነው። ከፋይበር በፊት የነበረው ዘዴ ደግሞ የኃይል መስመሩን ራሱን እንደ ስልክ ገመድ መጠቀም ነበር፤ ኤሌክትሪኩ ላይ እስከ መቶዎች ኪሎኸርዝ የሚደርስ ምልክት ጭኖ። ስካነርህ ከ29 ሜጋኸርዝ በታች ስለማይወርድ ያም አይሰማህም። በአየር የሚሄደው የመጨረሻው ክፍል ነው፣ ከመቆጣጠሪያ ክፍል እስከ መኪናውና እስከ ምሰሶው።

ድሬ ላይ ሬዲዮ መስማት ለምን እንደሚከብድም አስተውል። ድሬ 1200 ሜትር አካባቢ ላይ ተራራው እግር ሥር ነች፣ ሐረር 1900 ሜትር ትጠጋለች፣ መሀላቸው የደንገጎ አቀበት ቆሟል። በቪኤችኤፍና ዩኤችኤፍ (እንደ 150ዎቹና 400ዎቹ ባሉት ሞገዶች) ሬዲዮ ለሬዲዮ ካልተያየ በአብዛኛው አይሰማማም። ሪፒተር ከፍታ ላይ የሚተከለው ለዚህ ነው፣ ሁለቱንም ጎን እንዲያይ። በዘመኔ ያንን ጠመዝማዛ ስወጣ፣ ከሥር ፀጥ ያለው ሬዲዮ አናቱ ላይ ስደርስ በአንዴ ሕይወት ይዘራ ነበር። የመስመር ሥራም እንዲያ ነው። ሠራተኛው ገደል ሥር ከሆነና ሪፒተሩን ካላየ «መስመሩ ተቋርጧል» የምትለዋ ቃል አትደርሰውም፣ እስክትደርሰው ቆሞ መጠበቅ አለበት። እና አንተ ጁስ ቤት ሆነህ «ለምን ቆዩ» ትላለህ።

ነምበርዋን_ተማሪ

ጋሼ ደንገጎ ያሉትን ሁሉ እደግፋለሁ። እኔ ኤሌክትሪካል ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ትራንክ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ምንም ዕቃ አያስፈልግህም፣ እኔ ያየሁት ላፕቶፕ ብቻ ይዤ ነው።

ኤስዲአርትራንክ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። አሜሪካ ያሉት አርቲኤል 2832 የሚባል ቺፕ ያለበት ርካሽ ዶንግል (ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ትንሽ መቀበያ) ሰክተው ነው የሚጠቀሙበት፣ ለቴሌቪዥን የተሠራ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2012 አካባቢ ነው ከ24 እስከ 1766 ሜጋኸርዝ የሚቀበል ሬዲዮ አድርገው መጠቀም የጀመሩት። በአንድ ጊዜ ሁለት ሜጋኸርዝ ከፍ ያለ ስፋት ያያል። ሶፍትዌሩ ግን የተቀዳ ፋይልም ያጫውታል፣ ሰዎች ከአሜሪካ ሥርዓቶች ቀድተው ለትምህርት ያስቀመጡት አለ። እሱን አውርደህ ስትከፍት ስክሪኑ ላይ አንዲት የማትቋረጥ መስመር ታያለህ። ባጃጅ ተራ አስከባሪው እሷ ናት። ከጎኗ ደግሞ ብልጭ እያሉ የሚጠፉ መስመሮች አሉ፣ የንግግር ቻናሎቹ። ሶፍትዌሩ በጽሑፍ ይነግርሃል፣ ይህ ቡድን ወደዚህ ቻናል ሄደ፣ ጨረሰ፣ ያኛው ገባ። አስተማሪ ነግሮኝ ያልገባኝ በአሥር ደቂቃ ገባኝ።

አንድ ነገር ልብ በል። ድምፁ ከተመሰጠረ ሶፍትዌሩ ቡድኑን ያሳይሃል፣ ድምፁን ግን አይሰጥህም። ብዙ ድርጅት አሁን ወደዚያ እየሄደ ነው።

ሬዲዮ ራሱን ማዳመጥ ከናፈቀህ ደግሞ ኔዘርላንድ ትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ በስልክህ ብራውዘር የምትከፍተው መቀበያ አለ፣ ከዜሮ እስከ 29 ሜጋኸርዝ። አንቴናው እዚያ ነው፣ ቁልፉን የምታዞረው አንተ ነህ። አጭር ሞገድ ላይ ማታ ማታ የዓለም ጣቢያ ሁሉ አለ። እኔ ከሁለት ሰዓት በኋላ ፍራሽ አውጥቼ ግቢ ስቀመጥ እሱን ነው የምሰማው።

ስለ ፍሪጁም፦ በሩ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል ይላሉ፣ በድሬ ሙቀት ትንሽ ቀንስለት። ማታ መብራት ሲኖር የሃይላንድ ጠርሙስ በውሃ ሞልተህ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ አድርገው፣ መብራት ሲሄድ ወደ ታችኛው ክፍል አውርደው። እናቴ ሱቅ ላይ እንደዚህ ነው የምናደርገው።

ጁስ_ቤት_ከዚራ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።

ጋሼ ደንገጎ፣ ጽሑፍዎን እንዳነበብኩ ተነስቼ ጎረቤቴ ጋ ሄድኩ። ያሉት ገመድ ነው። ሁለት ጫፉ ወንድ። እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም ነበር፣ ሁለታችንም ስንጠቀምበት ዓመት አልፎናል። ቆርጠን ጣልነው። ኤሌክትሪሺያኑ ቅዳሜ ይመጣል፣ ለሁለታችንም ቼንጅ ኦቨር ያስገባል፣ ወጪውን ተካፍለናል። ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ማለት እችላለሁ። አጎቴ ስለ እነዚያ ልጆች እንደዚያ እየተጨነቀ ሲያዳምጥ፣ እኔ እዚህ መስመሩን ከታች እየቀሰቀስኩት ነበር።

ባኦፌንጉን ለጓደኛዬ አልፈልግም አልኩት፣ ምክንያቱንም ነገርኩት፣ እሱም ትዕዛዙን ሰርዟል። ስካነሩን አጥፍቼዋለሁ። በሚቀጥለው አዲስ አበባ ስሄድ ባለሥልጣኑ ጋ ጎራ ብዬ እጠይቃለሁ።

እህቴ ነምበር ዋን፣ የጠርሙሱን ነገር ትናንት ሞከርኩት፣ አሥራ ሁለት ጠርሙስ። ከስድስት እስከ ስምንት ተኩል ጠፍቶ ነበር፣ ፓፓያው ምንም አልሆነም። ፋይሉን ደግሞ የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ እያወረድን ነው።

የሳቢያን ልጅ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ያ ኮከብ ያለበት 32016 ስም የለውም። ከሌሎቹ በጣም የራቀ ቁጥር ነው። ምን ሊሆን ይችላል?

የሳቢያን_ልጅ_አትላንታ

እርግጠኛ ሆኖ የሚነግርህ ሰው የለም፣ ቡድኖቹን የሚሰይመው ድርጅቱ ራሱ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ቁጥሮቹ የሚሰጡት በየክፍሉ ተከታታይ ሆነው ነው፣ 1616 እና 1648 ተቀራራቢ እንደሆኑት፣ የድርጅቱ የራሱ ጥገና ክፍሎች። ራቅ ያለ ቁጥር በኋላ ለመጣ ወይም ከውጭ ለሚሠራ የተሰጠ ሊሆን ይችላል። ዛፍ የሚቆርጡ ኮንትራክተሮች ከውጭ ናቸው። እኔ ብሆን ኮከቡ የራሱ ቡድን ነው ብዬ ነው የምወስደው፤ የራሱን ስም መጻፍ አላስፈለገውም።

ስካነሩን ስታስቀምጥ ባትሪውን አውጣው። ውስጡ ከቀረ ይፈሳል፣ ፈሳሹ የባትሪ መገናኛውን ይበላዋል። ወረቀቱንም ፎቶ አንሳው፣ የፕላስተር ሙጫ በድሬ ሙቀት ቀለም ያጠፋል።